ፕላውደን፦ ስለ አንድ ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ስም ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናገኘው በታሪክ ትምህርት ነው። ዋልተር ፕላውደን፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ኋላ ግን «ይህ ስም ራሱ ከየት መጣ?» ብዬ ስከታተለው አንድ ትንሽ የእንግሊዝ ሸለቆ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚጠይቁኝንና እኔም ራሴን ስጠይቅ የኖርኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕላውደን ማለት ምን ማለት ነው?

የቦታ ስም ነው። ቦታው በምዕራብ እንግሊዝ፣ ሽሮፕሺር በምትባለው አውራጃ ደቡብ ምዕራብ በኩል ይገኛል፤ ለዌልስ ድንበር ቅርብ ነው። ኦኒ የምትባል ትንሽ ወንዝ በአጠገቡ ታልፋለች። ከበላዩ ሎንግ ሚንድ የሚሉት ረጅም የተራራ ጀርባ ተጋድሟል። መንደር ለማለት እንኳ ያንሳል፤ ጥቂት ቤትና እርሻ ነው።

ስሙ ሁለት የጥንት እንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠሙበት ነው። «ፕሌጋ» ጨዋታ ማለት ነው፣ «ዴኑ» ደግሞ ሸለቆ። የጨዋታ ሸለቆ እንበለው። ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበት፣ የሚወዳደርበት ቦታ ነበር ማለት ነው። ጃን ሜዳ ሲባል ገናውና ጉግሱ ትዝ እንደሚለን፣ የዚያ አገር ሰውም ያንን ሸለቆ በጨዋታው ነው የጠራው። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ «ፕላው» ከሚለው ቃል፣ ማለትም ከማረሻ ጋር ያገናኘዋል። ድምፁ ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ሰው እንዴት በቦታ ስም ይጠራል?

እኛ ዘንድ ይህ ግራ ያጋባል። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው፤ በየትውልዱ ይቀየራል። ውጭ አገር የምንኖር ደግሞ ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ቅጽ ስንሞላ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ይቀርና አባትና ልጅ በተለያየ ስም ይመዘገባሉ።

እንግሊዞችም ዱሮ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ ነው ነገሩ የተጀመረው። መጀመሪያ የያዙት ባለ መሬቶች ናቸው። ሮጀር የሚባል ሰው ፕላውደን ላይ መሬት ካለው «የፕላውደኑ ሮጀር» ይባላል። ልጁም መሬቱን ሲወርስ ስሙን አብሮ ይወርሳል። በሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ልማዱ ወደ ተራው ገበሬ ወረደ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አብዛኛው የእንግሊዝ ሰው የሚወረስ ስም ነበረው። አንዱ በሙያው አንጥረኛ ተባለ፣ አንዱ በአባቱ የጆን ልጅ ተባለ፣ አንዱ በመልኩ፣ አንዱ በሰፈሩ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንጥረኛ በየመንደሩ አለ። ስለዚህ ስሚዝ የሚለው ስም በሺህ ቦታ ለየብቻው ተወለደ። ፕላውደን የሚባል ሸለቆ ግን በየመንደሩ የለም።

የመጀመሪያው ፕላውደን ማን ነው?

ቤተሰቡ ሲያወርስ የመጣው ታሪክ አለ። ሮጀር የተባለ አባታቸው በመስቀል ጦርነት ጊዜ አክሬ የምትባለውን የፍልስጤም የወደብ ከተማ ሲከብቡ፣ ማለትም በ1191፣ እዚያ ተዋግቷል ይላሉ። ተማርኮ ሳለ «ከዚህ ካወጣኸኝ ቤተ ጸሎት እሠራልሃለሁ» ብሎ ተሳለ፤ ተፈቶ አገሩ ሲገባም ስለቱን አደረሰ። በአቅራቢያው ባለችው ሊድበሪ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፕላውደኖች ቤተ ጸሎት ዛሬም አለ። የቤተሰቡ አርማ ላይ ያሉት ሁለት የአበባ ምልክቶችም የዚያ ጦርነት ሽልማት ናቸው ይባላል።

ይህ የቤተሰብ ትውፊት ነው፤ በዚያው መጠን ይያዝ። በጎጃምና በጎንደር ርስት ሲጠየቅ ዘር እስከ አቅኚ አባት ድረስ እንደሚቆጠረው ሁሉ፣ ሮጀርም ለፕላውደኖች እንደ አቅኚ አባት ነው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ቤተሰቡ ያንኑ መሬት እስከ ዘመናችን ይዞ መቆየቱ ነው። ስሙም መሬቱም አልተለያዩም።

ስሙ ለምን ብርቅ ሆነ?

አንደኛው ምክንያት ከላይ ያልነው ነው፤ መነሻው አንድ ትንሽ ቦታ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሁሉንም ስም ይመለከታል። የእንግሊዝ ስም የሚተላለፈው በወንድ በኩል ነው። አንድ ሰው ሴቶች ልጆች ብቻ ከወለደ ስሙ በእሱ ያበቃል። ዘሩ ግን አላበቃም። ደሙ በሴቶቹ በኩል ይቀጥላል፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። በ1874 ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን የሚባሉ ሁለት ምሁራን ይህን ነገር በሂሳብ አስልተው አሳዩ። ማንም ሳይገድለው፣ ረሃብ ሳይገባበት፣ በወሊድ ዕጣ ብቻ ስም ይጠፋል። ጥቂት ሰው የያዘው ስም ደግሞ ቀድሞ ይሄዳል።

ሦስተኛው ምክንያት የፕላውደኖች የራሳቸው ነው፤ እኔ በጣም የሚነካኝም እሱ ነው። ሃይማኖታቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ከሮም ስትለይ እነሱ ካቶሊክ ሆነው ቀሩ። ያ ቀላል ዋጋ አልነበረውም። ከ1581 ጀምሮ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ያለ ሰው በወር 20 ፓውንድ ይቀጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው። ትልልቅ ሹመትም ተዘግቶባቸዋል። በየትውልዱ ወንዶች ልጆች ኢየሱሳውያን ካህናት ሆኑ፣ ሴቶች ልጆች ባሕር ተሻግረው ገዳም ገቡ። በ1790 የአሜሪካ የመጀመሪያው ካቶሊክ ጳጳስ ጆን ካሮል እንግሊዝ አገር መጥቶ ሲሾም ስብከቱን የሰጠው ቻርልስ ፕላውደን የተባለ ኢየሱሳዊ ነበር። ካህን አይወልድም፣ መነኩሴ አትወልድም። ቤተሰቡ ለእምነቱ ከሰጠው ነገር ውስጥ የራሱ ስም መብዛት አንዱ ነበር።

በጣም የታወቀው ፕላውደን ማን ነው?

እንግሊዝ አገር ይህን ብትጠይቅ፣ በተለይ የሕግ ሰው ካገኘህ፣ መልሱ ኤድመንድ ፕላውደን ነው። በ1518 ተወልዶ በ1585 የሞተ ጠበቃ ነው። የችሎት ክርክሮችን በጥንቃቄ መዝግቦ ያሳተመው ሥራ ለትውልድ ጠበቆች መማሪያ ሆኗል። ለንደን ውስጥ ሚድል ቴምፕል የሚባለው የጠበቆች ማኅበር ትልቁ አዳራሽ የተሠራው እሱ ሥራውን ሲመራ ነው።

ስለ እሱ አንድ ነገር ይተረካል። አንድ ካቶሊክ ሰው ቅዳሴ ሰምቷል ተብሎ ይከሰሳል፤ ኤድመንድ ጠበቃው ነው። ምስክሮች ተራ በተራ ቀረቡ። ቀደስኩ ያለው ሰውም ቀረበ። ኤድመንድ ጠረጠረና «አንተ በእውነት ቄስ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ቄስ አልነበረም፤ ለማጥመድ ልብሰ ተክህኖ ያለበሱት ሰው ነበር። «እንግዲያው ጉዳዩ ተለወጠ» አለ ኤድመንድ፣ «ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም»። ክሱም ወደቀ። «ጉዳዩ ተለወጠ፣ አለ ፕላውደን» የሚለው አባባል በእንግሊዞች ዘንድ ተረት ሆኖ ዘመናት ኖሯል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሃይማኖትህን ከለወጥህ ከፍተኛውን የፍርድ ሹመት እሰጥሃለሁ ብላው እምቢ አላት የሚልም ትውፊት አለ።

በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ስሙን በየቤቱ ያስገባችው ሴት ናት፣ ብሪጅት ፕላውደን። በ1967 የወጣው የእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጥናት በስሟ «የፕላውደን ሪፖርት» ይባላል። ስሙ የባሏ ነው፤ ባሏ ኤድዊን ፕላውደን የአገሪቱ የአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣን የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ነበር። ሴት ስሙን በጋብቻ ታጣለች፣ በጋብቻም ታመጣዋለች።

ጎንደር አጠገብ የሞተው ቆንስል ከእነዚህ ጋር ዘመድ ነው?

አዎ፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው። እሱን ለመረዳት ግን በህንድ በኩል መዞር ያስፈልጋል። አንዱ የፕላውደኖች ቅርንጫፍ ለትውልዶች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያና የቤንጋል አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። የዋልተር አባትም ቤንጋል ያገለገለ ነው። ዋልተር በ1820 ተወለደ። በ19 ዓመቱ ካልካታ ሄዶ ንግድ ቤት ተቀጠረ። ሥራው አልያዘውም። በ1843 ለቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሱዌዝ ላይ ጆን ቤል ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር ተገናኘ። ቤል የነጭ አባይን ምንጭ ፍለጋ ሊሄድ ነው። ዋልተርም መንገዱን ቀየረና አብሮት ሐበሻ ገባ።

ቤልን እኛ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ብለን ነው የምናውቀው። እዚህ አግብቶ፣ የቴዎድሮስ ባለሟል ሆኖ ቀረ። ዋልተር ግን በ1848 የምጽዋ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በ1849 ከራስ አሊ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ራስ አሊ ወድቀው ቴዎድሮስ ሲነሡ ደግሞ ከአዲሱ ንጉሥ ጋር ተወዳጀ። ስለ ቴዎድሮስ ጠባይና ዕቅድ የጻፋቸው ዘገባዎች ዛሬም የታሪክ ሰዎች የሚጠቅሷቸው ናቸው።

በ1860 መጀመሪያ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ለመመለስ ተነሣ። ብዙም ሳይርቅ፣ የንጉሡ ዘመድ ሆኖ የሸፈተው ጋረድ ከነሰዎቹ መንገድ ላይ ያዘው። ዋልተር ክፉኛ ቆሰለና ተማረከ። የጎንደር ሰዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት። ግን አልዳነም፤ በመጋቢት ወር ሞተ። ቤልም በዚያው ዓመት ከንጉሡ ጎን ሆኖ ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ሞተ። ቴዎድሮስ የሁለቱን ደም በብርቱ ተበቀሉ። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ ላይም ሁለቱን ወዳጆቻቸውን አንሥተዋል። ያ ደብዳቤ ነው መልስ አጥቶ፣ በዋልተር ቦታ የመጣው ካሜሮን ታስሮ፣ ነገሩ በ1868 መቅደላ ላይ ያበቃው። በዚያው ዓመት የዋልተር ወንድም ትሬቨር የሟቹን ማስታወሻ ለንደን ላይ አሳተመ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ለዘር ፈላጊ ትጠቅማለች። የዋልተርም የወንድሙም የአባታቸውም የመሐል ስም «ቺችሊ» ነው። ይህ በጋብቻ ወደ ቤቱ የገባ የሌላ ቤተሰብ ስም ነው። የእናት ወይም የአያት ቤት ስም እንዳይጠፋ ለልጅ የመሐል ስም ሆኖ ይሰጣል። ብርቅ ስም ስትፈልጉ የመሐሉን ስም አትዝለሉት። ዊንስተን ቸርቺል በ1896 ህንድ አገር ተዋውቋት የመጀመሪያ ፍቅሩ የሆነችው ፓሜላ ፕላውደን ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነች የሚነግረን የአባቷ የመሐል ስም ነው፤ እሱም ቺችሊ ነው።

ዛሬ ስሙ የት የት ይገኛል?

ሥሩ ሽሮፕሺር ነው። ከዚያ ጠበቃው ኤድመንድ በያዘው መሬት ምክንያት ኦክስፎርድሺር ውስጥ ሺፕሌክ ላይ ሌላ ቤት ቆመ። ሥራ ፍለጋ ወደ ለንደን የሄዱ አሉ፤ ለአገልግሎት ወደ ህንድ የሄዱም። የህንዶቹ በአብዛኛው ተመለሱ።

ብዙ ፕላውደን ለማየት ግን አትላንቲክን መሻገር ይሻላል። ሜሪላንድና ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስሙ ሥር ሰዷል።

አሜሪካ እንዴት ደረሰ?

የጠበቃው የልጅ ልጅ፣ እሱም ኤድመንድ የሚባል፣ በ1634 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ትልቅ መሬት በወረቀት ተሰጠው። ዛሬ ኒው ጀርሲ የምንላትና ዙሪያዋ ናት። «ኒው አልቢየን» ብሎ ሰየማት። በ1640ዎቹ ሊያቀናት ሄደ፤ መርከበኞቹ ግን ከዱት። ምግብ በሌለበት ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ። በስንት መከራ ከሞት ተርፎ ቨርጂኒያ ተመለሰ። መሬቷን ሳይገዛት በ1659 ሞተ። የልጅ ልጁ ጆርጅ ግን ሜሪላንድ መጥቶ ሰፈረ፤ የዚያ ዘር ሴንት ሜሪስ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ቀረ።

በአሜሪካ ይህን ስም የሚይዙ ብዙዎች ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ ሄደው የሰፈሩት ፕላውደኖች ባሪያ አሳዳሪ ባለ እርሻ ነበሩ። ባሪያ የተደረገ ሰው ነፃ ሲወጣ ስም ያስፈልገዋል። አንዳንዱ የቀድሞ ጌታውን ስም ያዘ፣ አንዳንዱ ራሱ የመረጠውን፣ አንዳንዱ ከአባቶቹ ሲጠራበት የኖረውን። አንዳንዱም የጌታው ልጅ ሆኖ ሳለ ወረቀት ላይ አልተጻፈለትም። ስለዚህ አንድ የሳውዝ ካሮላይና ፕላውደን የሽሮፕሺሩ ሸለቆ በደሙ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ስሙ ግን ከ150 ዓመት በላይ የያዘው፣ ልጆቹን የቀበረበትና የዳረበት የራሱ ስም ነው።

ሁሉም ፕላውደኖች ዘመዳሞች ናቸው?

ብርቅ ስም ከሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን በዘረመል ያሳዩት የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ2009። የወንዱ ዋይ ክሮሞዞም እንደ ስሙ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚሄደው። ስሚዝ የሚባሉ ወንዶች ሲመረመሩ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው የተለያዩ ሆኑ። አተንቦሮ የሚባል ብርቅ ስም ያላቸው ሲመረመሩ ግን 87 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ ማለትም ወደ አንድ አባት ይወጣሉ።

ለፕላውደንም አመክንዮው ያው ነው። ግን «በእርግጥ» አትበሉ። ከባለ መሬቱ ቤተሰብ ሌላ፣ ከዚያች የሽሮፕሺር መንደር ወጥቶ ሌላ ከተማ የገባ ጭሰኛም «የፕላውደኑ» ሊባል ይችል ነበር። ማደጎ አለ። የእናቱን ስም ይዞ ያደገ አለ። የአሜሪካውም አለ።

የቤተሰቡን አርማ ገዝቼ ግድግዳዬ ላይ ብሰቅል?

ለጌጥ ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም። የእናንተ ነው ብለው ሲሸጡላችሁ ግን አትመኑ። በእንግሊዝ ሕግ አርማ የስም አይደለም፣ የአንድ ሰውና የሕጋዊ ወራሾቹ ነው። የሚሰጠውም ከ1484 ጀምሮ ያለው የአርማዎች ኮሌጅ ነው።

መዝገብ ላይ ፍለጋ ከየት ልጀምር?

ከቅርቡ ወደ ሩቁ ሂዱ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ነው፤ ማውጫው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ነው፤ ከ1841 ጀምሮ ስም በስም አለ። የ1931ዱ በእሳት ጠፍቷል፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም። ስሙ የት የት እንደተከማቸ ለማየት ሰው የሚወደው የ1881ዱን ነው፤ ሰዉ ገና ከአያቶቹ አገር ብዙ ሳይርቅ የተቆጠረበት ነውና። ከዚያ በፊት ከ1538 የሚጀምሩት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት አሉ።

ለፕላውደን ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዱ ካቶሊክነታቸው ነው። የልጅ ጥምቀታቸውን የአጥቢያው መዝገብ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ከ1754 እስከ 1837 ያለውን ጋብቻ ግን ታገኛላችሁ፤ ሕጉ ካቶሊኩንም እዚያው ቤተ ክርስቲያን እንዲያገባ ያስገድድ ነበር። የቅጣት መዝገቦቹም አሉ፤ ለማሳደድ የተጻፈው ዛሬ ዘር ለመቁጠር ይረዳል። የህንዶቹን ደግሞ የብሪቲሽ ላይብረሪ የያዘው የህንድ ቢሮ መዝገብ ውስጥ ፈልጉ።

ሁለተኛው አጻጻፉ ነው። ጸሐፊ እንደሰማው ነበር የሚጽፈው። «ፕሎይደን» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ እንደ ማረሻው ቃል ተጽፎም ታገኙታላችሁ። አንዱን ብቻ ይዞ የፈለገ ግማሹን ያጣል።

ሄጄ ማየት እችላለሁ?

የቤተሰቡ ቤት፣ ፕላውደን ሆል፣ በእንጨት ማገር የተሠራ የጥንት ቤት ነው፤ ሰው የሚኖርበት ስለሆነ በር አታንኳኩ። ባቡሩም የለም፤ ፕላውደን የሚባል ጣቢያ የነበረው ትንሹ የቢሾፕስ ካስል መስመር በ1935 ተዘግቷል። ሊድበሪ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን ግን ሂዱ። ስትገቡ በሰሜን በኩል ባለው ክንፍ የፕላውደኖች ቤተ ጸሎት አለ። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ቴምፕል ቸርች ግቡ፤ ጠበቃው ኤድመንድ መቃብሩ ላይ በቀለም በተቀባ ሐውልት፣ ረጅም ልብሱን እንደለበሰ፣ እጆቹን ለጸሎት ገጥሞ ተጋድሟል።